ሳቅ አስቀድመን የገባንበት ደጅ

ባለፈው ሰሞን አንድ ማለዳ፣ ከጮቄ ተራራ በኩል የወረደው ውርጭ ገና ከሣሩ ላይ ሳይነሣ፣ የግቢያችን የቆርቆሮ በር ተንኳኳ። ባለቤቴ ዘነቡ ከእኔ ቀድማ ተነሥታ ስለ ነበር እሷ ከፈተች። ከበሩ ማዶ አንዲት ወጣት ሴትና ጋቢውን እስከ አፍንጫው የተከናነበ ሽማግሌ ቆመዋል። የልጅቱ ፊት ላይ ምንም አይነበብም፤ ሳቅም የለ፣ ኀዘንም የለ። ሽማግሌው ቀበሌ የመደበላት መንገድ መሪ መሆኑን የሰማነው ኋላ ነው። ዘነቡ ይህን ከየት ታውቃለች? የመጨረሻው ልጃችን ለሥራ ራቅ ካለ ከተማ ከሄደ ሰነባብቷል፤ ስልኩ ደግሞ ሲፈልግ ይሠራል፣ ሲፈልግ ቀናት ይጠፋል። እጇ መቀርቀሪያው ላይ እንዳለ ደርቃ ቀረች። «በሞቴ፣ በቁሜ አትግደሉኝ፤ ምን ሆነብኝ?» ስትል ሰማሁና ከዚህ ጉልበቴ ጋር ከአልጋው እንዴት እንደ ወረድሁ አላውቅም።

«አይ፣ እናቴ! ለጥናት ነው የመጣነው» አለች ልጅቱ። «ቤታችሁ ለናሙና ተመርጦ ነው።»

ዘነቡ ደረጃው ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። እኔ ሱሪዬን በአንድ እጄ ይዤ በረንዳው ላይ ቆሜ ልጅቱን አየኋት። ኪሰ ብዙ ሰደርያ ለብሳለች፤ አንገቷ ላይ ባጅ ተንጠልጥሏል፤ በብብቷ ታብሌት ይዛለች። ያ ፊቷ፣ ያ ሆን ተብሎ የተስተካከለ ፊት፣ የኔም ፊት ነበረ። ያንን ፊት ይዤ በጎጃም ደጋ ስንት ደጃፍ እንደ ረገጥሁ ጉልበቴ ይመስክር። መጠየቅ ሊቅ ያደርጋል ይባላል፤ እኔን ያደረገኝ የመገጣጠሚያ በሽተኛ ነው።

ልጅቱ ቤዛዊት እባላለሁ አለችን። እዚሁ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ለመማር ከአዳማ መጥታ፣ ተመርቃም እዚሁ ቀርታለች፤ ሥራውን ከጀመረች ገና ወሯም አልሞላ። ዘነቡ ድንጋጤዋ ሲበርድላት ሻይና ዳቦ ይዛ መጣች። ልጅቱ «አንቀበልም፣ ደንባችን አይፈቅድም» ስትል መንገድ መሪው ዳቦውን ቀድሞ አነሣው። እኛም ዘንድ ያ ደንብ ነበር፤ ከተጠያቂ ቤት ምንም እንዳትቀምሱ ይላል። ያወጡት ሰዎች ጎጃም ውስጥ አንድ ቤት ገብተው የቀረበላቸውን እምቢ ብለው ቢያውቁ ኖሮ አያወጡትም ነበር። «ብይ ልጄ፤ እኛ ጥናቱን አናበላሽብሽም» አልኋት። ዘወር ብላ መንገዱን አየችና ሻዩን አነሣች።

ጥናቱ ጡረታ ስለ ወጡ ሰዎች ነው። ፈቃደኛ መሆኔን ጠየቀችኝ፤ በፈለግሁ ጊዜ ማቋረጥ እንደምችል አነበበችልኝ፤ ከንፈሬ ከሷ እኩል ሲንቀሳቀስ ዘነቡ በክርኗ ጐሸም አደረገችኝ። ዕድሜ፣ ትምህርት፣ የቤተሰብ ብዛት እያለች ሄዳ በመጨረሻ የት እንደ ሠራሁ ጠየቀችኝ።

«የጥናት ድርጅት» አልኋት።

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። «እንደ እኛ? ቤት ለቤት?»

«እንደ እናንተ። ያኔ ግን ታብሌት አልነበረም፤ ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልለን ነበር የምንዞረው።»

ፈገግታዋን ዋጥ አደረገችና ወደ ታብሌቱ ተመለሰች። «በሥራዎ ላይ ሳሉ በጣም የወደዱት ምን ነበር? በጣም ያልወደዱትስ?»

ምርጫዎቹ ለተጠያቂው እንደማይነበቡ አውቃለሁ። ደመወዝ፣ አለቃ፣ የሥራ ሰዓት፣ እድገት ተብለው ተደርድረው ይጠብቃሉ፤ እኔ የፈለግሁትን ስቀባጥር እሷ የሚቀርበውን ትነካለች። አልቸኰልሁም። የሚያቻኩለኝ ምን አለ?

የመሥሪያ ቤታችን ቅርንጫፍ ከመናኸሪያው ቁልቁል ሲወረድ፣ የብስክሌት ጎማ ይጠገንበት የነበረውን ጥግ አለፍ ብሎ፣ ኮክ የበቀለበት ግቢ ውስጥ ነበረ። ዛሬ ኮኩም ግቢውም የለም፤ ፎቅ ቆሞበት ምድር ቤቱ ላይ የሞባይል ሽፋን ይቸረቸርበታል። ከፊት ለፊቱ አንዲት ሻይ ቤት ነበረች። ሻይ ሃምሳ ሳንቲም፣ ቦምቦሊኖ ደግሞ ሁለቱ በአንድ ብር፤ ባለቤቷ ከዘይት ሲወጣ የተቃጠለውን ለኛ ለይታ ለአሳላፊዋ «ለነዚህ ለጠያቂዎቹ ስጫቸው፤ እነሱ ምንም አይመርጡ» ትል ነበር። ዋናው መሥሪያ ቤት አዲስ አበባ ነው። እኛ የጎጃሙን ክፍል የያዝን፣ በየዙሩ ወደነዚያው ቤቶች እየተመለስን የምንጠይቅ ሠራተኞች ነን። ዘንድሮ የጠየቅኸውን ገበሬ በሚቀጥለው ዓመት ትጠይቀዋለህ፤ ልጁ ሲያድግ፣ በሬው ሲሸጥ፣ ሣር ቤቱ ቆርቆሮ ሲሆን ታያለህ።

ሦስት ሆነን ነበር የምንሠራው። ይሁኔ ደምበጫ ተወልዶ ያደገ፣ መምህርነቱን ትቶ የመጣ፣ ሲስቅ ፈረስ የሚያስደነብር ሰው ነው። ሸራ ጫማ ካልሆነ በቀር ሌላ ጫማ አያደርግም፤ ለጭቃው የላስቲኩ ኮንጎ ጫማ ሳይሻል ይቀራል ወይ ብንለው አይሰማም። ዘይነባ የደሴ ልጅ ናት፤ እህት ለሌለኝ ለእኔ እህት የሆነችኝ። ቀጭን፣ ጥቁር ሻሽ ከራሷ የማይለይ፣ ቁጥር ካልገጠመላት ምሳ የማትበላ። በየቤቱ ጠላ ሲቀዳ ለሷ አሬራ ይፈለግላት ነበር፤ ጾም ከሆነ ቆሎ ትቆረጥምና «እናንተ እኮ ስትጾሙ እኔን ጭምር ነው የምታስጾሙኝ» ብላ በሳቅ ትገድለናለች። ሾፌራችን አንድ ካሴት ብቻ ነበረው። ክሩ ከመለጠጡ የተነሣ የዘፋኟ ድምፅ የወንድ ሆኗል፤ ቢሆንም ቁይ ከተማ እስክንደርስ ገጹን እየገለበጠ ያንኑ ያሰማናል፣ እኛም ያንኑ እንዘፍናለን። ዛሬ ያ ዘፈን በትክክለኛ ድምፁ ሲሰማኝ የሐሰት ይመስለኛል።

ወድጄው ነበር። የውሎ አበሉን ወድጄዋለሁ፤ በዚያ ነው ዘነቡን ያገባኋት። ከመኪና ወርደን በእግር የምንሄደውን፣ ከጤፉ መሐል የሚመጣውን ጠረን፣ ደብረ ወርቅ ላይ የአብነት ተማሪዎቹ ቅኔ ሲዘርፉ ቆመን የምንሰማውን ወድጄዋለሁ። ከብት የምንቈጥርበትንም ዘዴ እወድ ነበር። ወረቀቱ «ስንት ከብት አለዎት?» ይላል፤ የኛ ገበሬ ደግሞ ከብቱን በቁጥር አይጠራም፣ በዓይን ያስበላብኛል ብሎ። ብትጠይቀው «የእግዜር ናቸው» ብሎ ዝም ነው። ስለዚህ ይሁኔ ስለ በሬዎቹ ወግ ይጀምራል። ሰውዬው ሞቅ ይለውና ቦራ እንዲህ ያርሳል፣ ዳልቻ ሰነፍ ነው፣ ወይኖ ደግሞ ተዋጊ ነው ማለት ይመጣል፤ ዘይነባ ከኋላ ሆና የየከብቱን ስም በሻሿ ሥር በጣቷ ትይዛለች። ማንም አልቈጠረም፣ ቁጥሩ ግን ተገኘ።

ያልወደድሁትም ብዙ ነው። ደመወዝ ይዘገያል። ኮንትራቱ የዙር ነው፤ ዙሩ ሲያልቅ ትጠራ አትጠራ አታውቅም፤ ቤት አከራይህ ሥራህን ሲጠይቅህ የምትለው ይቸግርሃል። የጠየቅነው ሁሉ የት እንደሚሄድ አናይም። ወፍራም መጽሐፍ ሆኖ አዲስ አበባ ላይ ይመረቃል ይሉናል፤ ገበሬው «ባለፈው የነገርኋችሁ ምን ደረሰ?» ሲለን የምንመልሰው የለንም። ከሁሉ የባሰው ግን ሰላምታውን ማሳጠራቸው ነው። ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣ አንድ አሠልጣኝ ሰዓቱን ይዞ አብሮን ዋለና አንዱ መጠይቅ ከተመደበለት ጊዜ ግማሹ በ«እንዴት ከረማችሁ» እንደሚያልቅ ደረሰበት። ከብቱ ደኅና፣ አዝመራው ደኅና፣ ልጆቹ ደኅና፣ ጎረቤቱ ደኅና፤ ይህን ሳትል ጎጃም ውስጥ ሰው ጋ ምን ብለህ ትቀመጣለህ? እሱ ግን ስምህን፣ ድርጅትህን፣ የመጣህበትን ንገርና ጀምር አለ። ደግሞ ፊታችሁ እንደ ግድግዳ ይሁን አለን። ሰውዬው ቢያስቅህ አትሳቅ፣ ቢያስለቅስህ አታልቅስ። ሐሰት አልተናገረም፤ ተጠያቂ ፊትህን እያየ መልሱን ይቀይራል። መስተዋት ፊት ቆመን ተለማመድነው። ይሁኔ ያ ሳቁ እየገነፈለበት ስንት ጊዜ ወጥቶ ተመለሰ።

አጨዳ ሲደርስ ገበሬን ቤቱ የምታገኘው ከጎሕ ጋር ነው፤ ፀሐይ ከወጣች ማሳው ላይ ነው። ስለዚህ ቁይ አድረን፣ ገና ሳይነጋ ተነሥተን፣ በዚያ በአዲሱ ደንብ የመጀመሪያውን ቤት ልንጠይቅ ወጣን። ቤቱ የወይዘሮ አንጓች ነው። ባሏ የሞተባት፣ አበጀ የሚባል አንድ ልጅ ብቻ ያላት ሴት ናት። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ማለት ለሷ ነው። ልጁ ለሰሊጥ አጨዳ ከአገሩ ጎበዞች ጋር ቆላ ወርዶ፣ ሌሎቹ ሲመለሱ እሱ አልተመለሰም። ተለይቶን ወደ ሌላ እርሻ ሄደ ብለዋታል። ይህን ባለፈው ዙር መዝግበነዋል፤ «ከቤተሰቡ ለጊዜው የተለየ» የሚል ቦታ ላይ።

በቀጭኑ መንገድ ተከታትለን ስንወርድ ግቢዋን ትጠርጋለች። አሁን እኛን በሷ ዓይን እዩን። ገና አልነጋም። ሦስት ሰዎች ተሰልፈው ይመጣሉ፤ አንዷ ጥቁር ተከናንባለች። ከሩቅ «እንዴት አደራችሁ» የሚል የለም። ፊታቸው ግድግዳ ነው። በኛ አገር በዚያ ሰዓት፣ በዚያ አኳኋን የሚመጣ መርዶ ነጋሪ ብቻ ነው፤ መርዶ ሲነጋ ነውና የሚነገረው። መጥረጊያው ከእጇ ወደቀ። «ልጄን! አበጀን!» ብላ መሬት ላይ ተፈጠፈጠች። ደጋ ላይ ድምፅ ሩቅ ይሄዳል። እኛ አፋችንን ሳንከፍት ከማዶና ከወዲህ ጎረቤቱ እየጮኸ ወረደ፤ ማጭዱን የጣለ አለ፣ ነጠላዋን ያገለደመች አለች፤ ደረት የሚመታው፣ ፊት የሚነጨው ብዛቱ። ይሁኔ «ለመጠይቅ ነው! ለመጠይቅ ነው!» እያለ ይጮኻል፤ የሱም ጩኸት ከለቅሶው ጋር ተደባልቆ ማን ይለየው።

ነገሩ ሲገለጥ አንድ ሽማግሌ በዱላቸው ሊሉን ነበር። «እናንተ ከምን ተፈጠራችሁ? በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ፊት ሰው ቤት ይመጣል?» አሉን። ወይዘሮ አንጓች አፈሩ ከራሷ ሳይራገፍ ተነሣችና ዓይን ዓይናችንን አየች።

«ስለዚህ አልሞተም?» አለች።

«አናውቅም፣ እማማ» አልኋት።

«አልሞተም ማለት ነው እንግዲያ» ብላ እሷው ፈረደች። ከዚያ በኋላ ሳቋ መጣ። እኛን ወዲህ ግቡ ብላ፣ ለጎረቤቱ ሁሉ ጠላ ቀድታ፣ የተቆላ ባቄላ አቅርባ ሳቀች፤ ያለቀሰላት ሁሉ ሳቀ። መጠይቁን አንድም ሳታስቀር መለሰችልን። ስንነሣ ግን ይሁኔን እጁን ያዘችው። «እናንተ አገር ላገር የምትዞሩ ናችሁ። ቆላስ ትወርዱ የለም?» አለችው።

ደንቡ ቃል አትግቡ ይላል። ይሁኔ «እኛ አንወርድም፤ ጓደኞቻችን ግን ይወርዳሉ፣ እማማ» አላት። ቃል አልገባም። እሷ ግን እንደ ቃል ተቀበለችው።

ከዚያ ወዲያ እሷ ቤት ስንሄድ ልማድ አወጣን። ከቤቷ በላይ መንገዱ የሚታጠፍበት አንድ ትልቅ ባሕር ዛፍ አለ። እዚያ ስንደርስ ይሁኔ ይቆምና «በሉ ሳቁ» ይለናል። በማለዳ፣ በብርድ፣ በባዶ ሆድ ምን ያስቃል? እሱ ያንን ፈረስ የሚያስደነብር ሳቁን ይለቀዋል፤ ዘይነባ በግድ ትሞክርና እንደ ፍየል ትላለች፤ የሷን ስንሰማ እኔና ይሁኔ እውነተኛው ሳቅ ይይዘናል። ወይዘሮ አንጓች ከግቢዋ ሆና «መጡ የኔ ሳቂታዎች! ግቡ፣ ግቡ!» ትላለች። አሠልጣኙ ቢያየን በዚያው ያሰናብተን ነበር። ደጃፏ ላይ ስንደርስ ፊታችንን ግድግዳ አድርገን መጠይቁን እናወጣለን፤ እሷም እንደኛው ኮስተር ትላለች፣ ጨዋታው ገብቷት። ሥራውን ከወደድሁ የወደድሁት ያኔ ነው። ሰው ቤት ስትደርስ ደስ የሚለው ሰው ካለ ጉልበትህ አይታወቅህም።

ታዲያ መጠይቁ ሲያልቅ ሁልጊዜ ያችው ጥያቄ ትመጣለች፤ «ከቆላ ምን ሰማችሁ?» የሽንኩርቱን፣ የዘይቱን፣ የማዳበሪያውን፣ የሆዷን ሕመም ሳይቀር ጠይቀን መልሳልናለች። የሷ ጥያቄ አንድ ናት። ያችን አንዷን መመለስ አቅቶን «ገና ነው» ብለን ዳገቱን እንወጣለን።

ይሁኔ ጎንደር ቅርንጫፍ ወዳጅ ነበረው፤ ያ ቅርንጫፍ የቆላውን እርሻ አገር ያጠናል። የተጠያቂ ስም ከመጠይቁ አይወጣም የሚለውን ደንብ እያወቀ፣ የአበጀን ስምና መልክ ለወዳጁ ነገረው። ወዳጁም በሄደበት እርሻ ሁሉ ሠራተኛውን ሲጠይቅ ከረመ። ዙር አለፈ፣ ሌላም ዙር አለፈ። አንድ ከሰዓት በኋላ የቢሮው ስልክ ጮኸና ይሁኔ አነሣው። እኔና ዘይነባ ወረቀት እናርማለን። ይሁኔ እየሰማ ነው፤ «እሺ» ይላል፣ «እሺ» ይላል። ፊቱ ግድግዳ ሆነ። ያን ጊዜ ስልጠናውን በደንብ እንደ ተማረው አየሁ። ስልኩን አስቀምጦ የሰማውን ነገረን። አበጀን ወባ ነው የገደለው። አብረውት የሚሠሩት ሰዎች እርሻው አጠገብ ካለች ቤተ ክርስቲያን ቀብረውታል፤ ከመካከላቸው የሱ አገር ሰው ስላልነበረ ወሬውን የሚያደርስ ጠፍቶ ቀረ።

የቅርንጫፉ ኃላፊ ክፉ ሰው አልነበረም። ልንነግራት ነው ብንለው ደንቡን ያነብልናል፤ ይህ የኛ ሥራ አይደለም ይለናል፤ ጥናቱ ይበላሻል ይለናል። ዘይነባ ሰምታው ሰምታው፣ «እሺ፤ በሚመጣው ዙር ከባሕር ዛፉ ሥር ቆመን እንደ ልማዳችን ልንስቅላት ነው?» አለችው። ከዚያ ፈቃድ ሳንጠይቅ በእሑድ ቀን በሕዝብ መኪና ተሳፍረን ሄድን። መርዶ ደግሞ ማንም ተነሥቶ አይናገረውም። የነፍስ አባቷን አገኘን፤ እሳቸው ዘመዶቿንና ሽማግሌዎቹን ጠሩ፤ በዱላ ሊሉን የነበሩትም ሽማግሌ መጡ። እኛ ከዚህ እንመለስ ብንል ቄሱ እምቢ አሉ። «ስትስቁ የገባችሁበትን ደጅ ስታለቅሱም ትገቡበታላችሁ» አሉን።

በማግስቱ በጎሕ ወረድን። ሰው ብዙ ነው፤ የሚናገር የለም፤ የሚሰማው እርጥብ ሣር ላይ የሚሄድ እግር ብቻ ነው። ባሕር ዛፉ ሥር ስንደርስ ይሁኔ ቆመ። አስቦበት አይደለም፣ እግሩ ራሱ ቆመ። ዞር ብሎ አየኝና መንገዱን ቀጠለ። ወይዘሮ አንጓች ኮቴ ሰምታ ደጃፏ ላይ ወጥታለች። ቄሱን አላየች፣ ዘመዶቿን አላየች፣ ያየችው ይሁኔን ነው።

«ዛሬስ ሳትስቅ መጣህ» አለችው።

ከዚያ በኋላ መርዶ የሚናገር ሰው አላስፈለገም።

የይሁኔ ኮንትራት በሚቀጥለው ዙር አልታደሰም። ምክንያቱን በደንቡ ቋንቋ ጻፉለት። ጥቂት ቆይቶ ከዋናው መሥሪያ ቤት አንድ ባለሙያ መጣ፤ የሠራተኛውን ስሜት ሊያጠና ነው። ግድግዳው ላይ ሁለት ትልልቅ ወረቀት ለጥፎ፣ በዚህኛው የምትወዱትን፣ በዚያኛው የምትጠሉትን በነጻነት ንገሩኝ አለን። ዕድሜ ልካችንን ስንጠይቅ ኖረን ለመጀመሪያ ጊዜ ተጠየቅን። አበል ያለ አለ፣ የዝናብ ልብስ ያለ አለ፣ የመኪና እጥረት ያለ አለ። ተራዬ ሲደርስ ተነሣሁና፣ «እኛ ሰዉን እንጠይቃለን፤ ሰዉ ሲጠይቀን ግን መልስ ማምጣት ተከልክለናል። የመለሰውን ደግሞ አባረራችሁት» አልሁ። ባለሙያው ራሱን ነቅንቆ፣ ብዕሩን ከፈተና በዚያኛው ወረቀት ላይ «የኮሙኒኬሽን ክፍተት» ብሎ ጻፈ። ዘይነባ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «የነገርኸው ስሙ ተቀየረ» አለችኝ።

እሷም ብዙ አልቆየች፣ ደሴ ገባች። ይሁኔ ደምበጫ ባጃጅ ገዝቶ ሲነዳ ኖሮ አሁን ለልጁ አስረክቧል፤ አልፎ አልፎ እንገናኛለን፣ ሳቁ ግን ሰልሏል። እኔ ጡረታዬ ድረስ እዚያው ነበርሁ። ምን ላድርግ፣ ልጆች ነበሩን። ከመርዶው በኋላ በመጣው ዙር ከአዳዲስ ልጆች ጋር ወይዘሮ አንጓች ቤት ሄድሁ፤ ለናሙና የተመረጠ ቤት ቢያዝንም አይሠረዝም። ባሕር ዛፉን ዝም ብለን አለፍን፤ ከሩቅ «እንዴት አደሩ» ብቻ አልሁ። የቤተሰብ ብዛት ስንላት «አንድ» አለች። ልንወጣ ስንል፣ «ምነው ሳቁን ተዋችሁት?» አለችኝ።

«ምን አፍ አለን ብለን፣ እማማ» አልኋት።

«ተው፣ ልጄ። እኔስ ከእንግዲህ የምፈራው የለኝም። ማዶ ያለችው ግን ልጇ ቆላ ነው። ለሷ ሳቁላት።»

ይህን ሁሉ ለቤዛዊት ነገርኋት። የተመደበላት ሰዓት ካለፈ ቆይቷል፤ ሻዩ ቀዝቅዟል፤ መንገድ መሪው ዳቦውን ጨርሶ ግንቡን ተደግፎ ያንጎላጃል። ልጅቱ ጣቷን ታብሌቱ ላይ አድርጋ ቀርታለች። ፊቷን እንደ ተማረችው ልትይዘው ትታገላለች፤ አገጯ ግን እምቢ ብሏታል።

«አባባ፣ ምን ብዬ ልሙላው?» አለችኝ።

«ሌላ የሚል አለ አይደል? እሱን ንኪው።»

«ለሁለቱም ጥያቄ?»

«ለሁለቱም።»

ነካችውና ታብሌቱን ዘጋች። አመስግናን ተነሣች። ዘነቡን ጠዋት ስላስደነገጠቻት ይቅርታ ጠየቀቻት፤ ዘነቡም «ምን ታደርጊ፣ ልጄ፤ እንዲያ ሁኚ ብለው ልከውሽ ነው» አለቻት። በሩ ድረስ ሸኘኋት። ቀጥሎ ያለው ቤት የማን እንደሆነ ስትጠይቀኝ የወይዘሮ እልፍነሽ ነው አልኋት። ሁለት ልጆቿ ከወጡ ከርመዋል፤ የት እንዳሉ እሷም አታውቅ፣ እኛም አንጠይቃትም።

«ስትደርሺ ሳቂ» አልኋት።

«ምን ብዬ ልሳቅ?»

«እኔ ምን አውቄ። እኛም ምክንያት ኖሮን አያውቅም።»

ሄዱ። እኔና ዘነቡ በሩ ላይ ቆመን ቀረን። ከአጥሩ ወዲያ ኮቴያቸው ይሰማል፤ መንገድ መሪው ይስላል። ከዚያ ዝም አለ። አልሆነላትም ብዬ ልገባ ስል አንድ ነገር ሰማሁ፤ ቀጭን፣ የተቆራረጠ፣ እንደ ዘይነባ የፍየል ሳቅ ያለ። መንገድ መሪው ደንግጦ ነው መሰለኝ «ምን ሆንሽ አንቺ ልጅ?» አላት፤ ያን ጊዜ የእውነቱ ሳቅ መጣላት። ሽማግሌውንም ይዞት ሄደ። ከግቢው ውስጥ የወይዘሮ እልፍነሽ ድምፅ ተሰማ፤ «ማነው በጠዋት እንዲህ ደስ ያለው? ግቡ፣ ክፍት ነው!»

ዘነቡ ስልኳን ከጉያዋ አውጥታ ደወለች። ጆሮዋ ላይ አድርጋ ጠበቀች፤ አይሠራም። መልሳ ጉያዋ ከተተችው። ልንገባ ስንል በሩን ልዘጋ እጄን ሰደድሁ።

«ተወው» አለችኝ። «ሰው ሲመጣ ሳቁ ከሩቅ ይሰማኝ።»